ካልረገጡት ምድር ላይ ስለ መቆም

በሲኒማና በቴሌቪዥን ከሚቀርቡት የጥበብ ሥራዎች መካከል ተመልካች ዘወትር እያያቸው ልብ የማይላቸው ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህም አንዱ፥ ሰውን በአንድ ስፍራ ቀርጾ በሌላ ስፍራ ቆሞ እንዲታይ የማድረግ ሥራ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ተዋናዩ ወይም ዘማሪው በአንድ ክፍል ውስጥ ወጥ በሆነ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ይቆማል፤ ካሜራው ይቀርጸዋል፤ ከዚህም በኋላ ኮምፒዩተር አረንጓዴውን ሁሉ ፈልጎ ያነሣና በምትኩ ተራራ ወይም ከተማ ወይም ባሕር ያገባበታል። ባለሙያዎቹ መጋረጃውን ግሪን ስክሪን ይሉታል። በሀገራችንም የመዝሙርና የዘፈን ክሊፕ የሚያዘጋጁ ብዙ ስቱዲዮዎች ይህን መጋረጃ ሰቅለው ይገኛሉ።

ስለዚህ ጥበብ ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያነሣሣኝ፥ ሥራው የሚመሰገንበትና የሚነቀፍበት ሚዛን የተዛባ መስሎ ስለ ታየኝ ነው። ተመልካቹም አዘጋጁም «ጥሩ ተቈርጧል» ወይም «ክፉ ተቈርጧል» ይላሉ፤ የጠጉሩ ጫፍ ንጹሕ ከሆነ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ሰውየው ከአዲሱ ስፍራ ጋር መዋሐዱ የሚፈረደው በብርሃኑ ነው። ጫፉ እንደ ምላጭ የጠራ ሆኖ ብርሃኑ ከስፍራው ጋር ካልተስማማ፥ ሰውየው በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል፤ ብርሃኑ ተስማምቶ ጫፉ ጥቂት ቢሻክር ግን ዓይን ይቅር ይላል። የብርሃኑም ነገር የሚወሰነው ከቀረጻው በፊት ነው፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የሚደክም ሰው ያለፈውን ነገር ይለቅም እንደ ሆነ እንጂ አያቃናውም።

መጋረጃው ስለ ምን አረንጓዴ ሆነ ለሚል አንባቢ መልሱ አጭር ነው። የሰው ገላ፥ የጠቈረም ይሁን የነጣ፥ ወደ ቀይ ያዘነብላል፤ ስለዚህ አረንጓዴውን ከገላ ለይቶ ማንሣት ይቻላል። ደግሞም የዛሬው ካሜራ ብርሃን ከሚቀበልባቸው ጥቃቅን ነጥቦች ከየአራቱ ሁለቱ ለአረንጓዴ፥ አንዱ ለቀይ፥ አንዱ ለሰማያዊ የተመደቡ ስለሆኑ የአረንጓዴው መልክ ከሌሎቹ ይልቅ ጠርቶ ይገኛል። በቀድሞው የፊልም ዘመን ግን የሚበዛው ሰማያዊ መጋረጃ ነበር።

ጥበቡም የትናንት አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ልጻፍና፥ በ1940 በወጣው «የባግዳድ ሌባ» በተባለው ባለ ቀለም ፊልም ላሪ በትለር የተባሉት ባለሙያ በሰማያዊ መጋረጃ ሠርተው ኦስካር የሚባለውን የአሜሪቃ የፊልም አካዳሚ ሽልማት ተቀብለዋል። ከጠርሙስ የወጣው ጂኒ እንደ ተራራ ገዝፎ በሕፃኑ ላይ ሲያንዣብብ የዚያን ጊዜ ተመልካች ምን ያህል እንደ ተደነቀ መገመት አያዳግትም። ዛሬ ሲመለከቱት ግን በሰዎቹ ዙሪያ ሰማያዊ ክር የመሰለ መስመር ይታያል፤ ስፌቱ ተደብቆ አልቀረም ማለት ነው።

ይህን ክር ለማጥፋት እጅግ የደከሙት ፔትሮ ቭላሆስ ናቸው። እርሳቸው በ1916 ተወልደው በ2013 ያረፉ አሜሪቃዊ መሐንዲስ ናቸው። በ1959 ለወጣው «ቤን ሐር» ለተባለው ፊልም ባበጁት ዘዴ የሰማያዊውን መጠን ከአረንጓዴው መጠን ጋር እያመዛዘኑ፥ ጠጉርን፥ ጢስን፥ ብርጭቆን የመሰለውን ስስ ነገር ሳይቀር ከመጋረጃው ለመለየት ቻሉ። ዛሬ ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚያደርገው ስሌት ከዚያ ዘዴ የተወለደ ነው።

ለዚህ ሒስ ይልቁን የሚመቸኝ ግን በ1964 በዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ የተሠራው «ሜሪ ፖፒንስ» ነው። በዚህ ፊልም የተሠራበት መጋረጃ ሰማያዊም አረንጓዴም አልነበረም፤ ነጭ መጋረጃ ሆኖ ብጫ ብርሃን በሚሰጡ የሶዲየም መብራቶች ይበራ ነበር። የሶዲየም ብርሃን እንደ ሌላው ብርሃን ከብዙ ቀለማት የተቀላቀለ አይደለም፤ ሞገዱ 589 ናኖሜትር ከሚባለው ልክ ብዙም ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ በካሜራው ውስጥ የተሠራ ፕሪዝም ብርሃኑን ለሁለት ከፍሎ፥ የሶዲየሙን ወደ አንድ ፊልም፥ የቀረውን ሁሉ ወደ ሌላ ፊልም ይልከዋል። ተዋናዩ ሲቀረጽ የተዋናዩ መቍረጫም በዚያው ቅጽበት አብሮ ይቀረጻል ማለት ነው። ቭላሆስና ሁለት ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ጥበብ ኦስካር ተሰጥቷቸዋል። ብጫ ልብስ የለበሰ ሰው እንኳ በዚህ መጋረጃ ፊት ያለ ችግር ይቆማል፤ የልብሱ ብጫ ብዙ ሞገዶችን የያዘ፥ የመብራቱ ብጫ ግን አንዲት ጠባብ ሞገድ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ሜሪና ጓደኛዋ በርት ከሁለቱ ሕፃናት ጋር በመንገድ ዳር በጠመኔ ወደ ተሣለ ሥዕል ዘለው የሚገቡበትን ክፍል እንመልከት። የሜሪ ባርኔጣ ስስ መረብ የመሰለ መሸፈኛ አለው፤ በዚያ መሸፈኛ ውስጥ የተሣለው ዓለም አጥርቶ ይታያል፤ በጫፉም ላይ እንግዳ ቀለም አይገኝም። ከስድሳ ዓመት በኋላ ዛሬ በውድ ኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ይህን አይተው ሊቀኑ ይገባቸዋል። ነገር ግን ክፍሉን ያሳመረው ስስ መሸፈኛው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የተሣለው ሜዳ ለስላሳና ወጥ በሆነ ቀለም የተቀባ ነው፤ ፀሐይዋ አትበረታበትም፤ ተዋንያኑም የበሩት እንዲሁ በለስላሳና በወጥ ብርሃን ነው። ሠዓሊውና መብራት አብሪው ተነጋግረዋል። በርት ከፔንግዊኖቹ ጋር ሲጨፍር ሰውየውና ወፎቹ የአንድ ሀገር ሰዎች ሆነው የሚታዩት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ዘዴ ልዩ ካሜራ ስለሚጠይቅ ውሎ አድሮ ቀረ፤ መቅረቱም ያሳዝናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያሻል። የሜሪ ፖፒንስ ዓለም ሥዕል እንደ ሆነ አስቀድሞ ተናግሯል። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቅዱሳንን በአንድ ወጥ ቀለም ጀርባ ላይ ሲሥሉ ጥላ አይሰጧቸውም፤ ማንም ግን ሐሰት ነው አላለም፤ ሥዕሉ «ይህ ሰው በዚህ ሜዳ በዚህ ሰዓት እንዲህ ቆሞ ነበር» ብሎ አልመሰከረምና። ቪዲዮ ግን የሚመሰክር ነገር ነው። የሰሜንን ተራራ አሳይቶ ሰው በፊቱ ያቆመ አዘጋጅ ለምስክርነቱ ይጠየቃል።

በቅኔ ቤት ላደገ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሰሙ ያማረ፥ ወርቁም ያማረ ሆኖ ወደ ሁለቱም የሚመለከተው ቃል ካልተገኘ መምህሩ ቅኔውን አይቀበለውም፤ ተማሪው «ሰሙስ ግሩም ነበር» ቢል አያድነውም። በዚህም ሥራ ሰውየውን ለብቻው፥ ተራራውን ለብቻው ማሳመር ይቻላል፤ ወደ ሁለቱም የሚመለከተው ግን ብርሃን ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሀገራችን ክሊፖች እንምጣ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የምነግረው ከአንድ ሥራ ሳይሆን ከብዙዎቹ የተውጣጣ ነውና። ዘማሪው በላሊበላ በቤተ ጊዮርጊስ ፊት ቆሞ ይዘምራል እንበል። ቤተ ጊዮርጊስ ከቀላ ዓለት ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ በዙሪያው ያለው የዓለት ግድግዳ 12 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ወለል ላይ የቆመ ሰው ብርሃን የሚያገኘው በላዩ ካለው ሰማይ ነው፤ ከጎኑም የዓለቱ ቅላት እየተመለሰ ነጭ ልብሱን ጥቂት ያቀላዋል። በክሊፑ ላይ ግን የዘማሪው ፊት ከግራና ከቀኝ በሁለት ነጭ መብራቶች ቦግ ብሎ ከአገጩ በታች እንኳ ጥላ የለውም። ይህም አንሶ፥ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የተነሣው መስቀለኛው ጣራ እንዲታይ ተብሎ ከጉድጓዱ አፋፍ ወደ ታች ነው፤ ዘማሪው ግን ካሜራ በዓይኑ ትክክል ተተክሎ ተቀርጿል። ስለዚህ እግሩ የት እንዳረፈ አይታወቅም፤ ከጣራው በላይ በአየር የተንሳፈፈ ይመስላል። ጠጉሩ ንጹሕ ሆኖ ተቈርጦ ይሆናል፤ ምን ይጠቅማል?

ለዚህ ስሕተት መከላከያ የሚሆን አንድ ቀላል ሕግ አለ። ካሜራ በሰው ዓይን ከፍታ ሲተከል አድማሱም በሰው ዓይን ከፍታ ይሆናል። በደልዳላ ሜዳ የቆሙ፥ ቁመታቸው የተስተካከለ ሰዎች ሁሉ፥ ቅርብም ይሁኑ ሩቅ፥ አድማሱ በዓይናቸው ላይ ያልፋል። ስለዚህ የተመረጠው ሥዕል አድማሱ የት እንዳለ ማየትና ካሜራውን በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ሥዕሉ ከቀረጻው በፊት መመረጡን ብቻ ይጠይቃል። ብዙዎቹ አዘጋጆች ግን ዘማሪውን ዛሬ ቀርጸው ሥዕሉን ለነገ ይፈልጉለታል።

የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፥ በዚህች ሀገር የቀትር ፀሐይ ከአናት እምብዛም አትርቅም። በስድስት ሰዓት በተነሣ ሜዳ ላይ የዛፎቹ ጥላ ከሥራቸው ተሰብስቦ ይታያል፤ እንዲህ ባለ ሜዳ የቆመ ሰውም የዓይኑ ጒድጓድና የአገጩ ሥር መጥቈር አለበት። ጧት ወይም ማታ የተነሣ ሥዕል ግን ብርሃኑ ከጎን የሚመጣ፥ ወደ ወርቅ የሚያዘነብል፥ ጥላውም የረዘመ ነው። አዘጋጁ ሥዕሉን አይቶ «ፀሐይዋ ከግራ ናት» ሊል ይችላል፤ መብራቱንም በግራ ሊያቆም ይችላል። ደመና ባለበት ቀን የተነሣ ከሆነ ደግሞ መብራቱን በነጭ ጨርቅ አሳልፎ ማለስለስ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ምሥጢር የለም።

እግር ከሁሉ ይከብዳል። ሰው መሬት ሲረግጥ ከጫማው ሥር አንዲት በጣም የጠቈረች ቀጭን ጥላ ትሠራለች፤ ያችን ጥላ ሳይሠሩ ሰውየውን ሙሉ ቁመቱን ማሳየት ድፍረት ነው። ብዙ አዘጋጆች ሰውየውን ከወገብ በላይ ብቻ የሚያሳዩት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል፤ እኔም በዚህ አልነቅፋቸውም፤ የማይችሉትን አለማሳየት ማስተዋል ነው።

የነጠላ ነገር ግን ከሌሎች ሀገሮች መጻሕፍት የማይገኝ የኛ ብቻ ችግር ነው። ነጭ ጥጥ የመጋረጃውን አረንጓዴ ነጸብራቅ ከማናቸውም ልብስ ይልቅ ይቀበላል፤ ሽመናው ስስ ስለሆነም አረንጓዴው በክሩ መካከል ያልፋል። ውጤቱ፥ ትከሻዋ ላይ ሻጋታ የመሰለ አረንጓዴ ያረፈባት ዘማሪት ናት። ኮምፒዩተሩ ያን አረንጓዴ እንዲያጠፋ ሲታዘዝ ደግሞ ነጠላው ያመድማል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ጥለቱ አረንጓዴ፥ ብጫ፥ ቀይ ከሆነ ኮምፒዩተሩ አረንጓዴውን ጥለት ከመጋረጃው መለየት ስለማይችል ይቈርጠዋል፤ በዘማሪቷ ደረት ላይ በአረንጓዴው ፈንታ የተራራው ሣር ወይም የጣና ውሃ ሲያልፍ ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ ከሆነ መጋረጃውን ሰማያዊ ማድረግ፤ ዘማሪቷን ከመጋረጃው ሁለት ሦስት ሜትር ማራቅ፤ ለመጋረጃው የራሱን መብራት፥ ለእርሷም የራሷን መብራት መስጠት። ክፍሉ ጠባብ ነው የሚል አዘጋጅ ይኖራል፤ እንግዲያውስ ነጠላው ወፈር ያለ ጋቢ ይሁን፥ ወይም መጋረጃው ይቅር።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህ ግን የብርሃን አይደለም። ሴት ዘማሪት በደብረ ዳሞ አምባ ላይ ቆማ ብትታይ፥ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢሰምር ሀገሩን የሚያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ ወደዚያ ገዳም ሴት አትወጣምና፥ ወንዱም የሚወጣው በገመድ ተስቦ ነው። ኮምፒዩተር ለሥዕሉ እንጂ ለስፍራው ሥርዓት ዓይን የለውም። ሥዕል የሚመርጠው ሰው ግን ሊኖረው ይገባል።

በዚህ መጋረጃ አይሠራ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸውን አልጋራም። በውጭ ሀገር የሚኖር ዘማሪ፥ የሚቀረጸው በዋሽንግተን በአንድ ምድር ቤት ውስጥ ሆኖ ስለ ሀገሩ ሲዘምር፥ ሀገሩን በስተጀርባው ማየት ቢመኝ ማን ይከለክለዋል? ብዙ ጊዜ የመምጫው ገንዘብ ወይም ወረቀት የለውም። ልመናው እንዲህ የጠለቀ ሆኖ ሳለ ግን ተመልካቹ ከመዝሙሩ ይልቅ የተለጠፈውን ትከሻ እያየ እንዲስቅ ማድረግ ዘማሪውን መበደል ነው። ይህን ጉዳይ በጋዜጣ ላይ ማንሣት ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

በውጭ ያሉት ታላላቅ ስቱዲዮዎች የብርሃኑን ነገር ስለ ተረዱት መጋረጃውን እስከ መተው ደርሰዋል። በ2019 በወጣው «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ሥራ ዋናው ሰው የሚያብረቀርቅ የብረት ጥሩር የለበሰ ነው። በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ቢቆም ጥሩሩ ሁሉ አረንጓዴ መስተዋት ይሆን ነበር። ስለዚህ በመጋረጃው ፈንታ ቁመቱ 6 ሜትር፥ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 23 ሜትር ያህል የሆነ፥ እንደ ከፊል ክብ የተጠማዘዘ የብርሃን ግድግዳ አቆሙ፤ በግድግዳው ላይ በረሃው ራሱ ይታያል፤ የበረሃውም ብርሃን በብረቱ ላይ ያርፋል። ግሩም ነው። ነገር ግን ግድግዳው የሚሰጠው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ የቀትርን ጽኑ ፀሐይ መስጠት አይችልም። ሥራውን በጥንቃቄ የተመለከተ ሰው ከግድግዳው ጋር የሚስማሙት የምሽት፥ የደመናና የቤት ውስጥ ትዕይንቶች መሆናቸውን ይገነዘባል።

ከዚህ ሁሉ የምመርጠው ግን ግድግዳ ያልነበረበትን፥ በ2012 አንግ ሊ ያዘጋጁትን «ላይፍ ኦፍ ፓይ» ነው። አንድ ልጅ ከነብር ጋር በጀልባ ላይ ሆኖ ውቅያኖስ ሲያቋርጥ ያሳያል፤ የተቀረጸው ግን በታይዋን ታይቹንግ በተባለች ከተማ በተሠራ የውሃ ገንዳ ውስጥ ነው። ሰማዩ ሲደምን የልጁ ፊት ይደምናል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጉንጩ ይቀላል፤ ውሃው ረግቶ ሰማዩን ሲመስል ከበታቹ የሚመለስ ብርሃን አገጩን ያበራዋል። ልጁ በዚያ ባሕር ላይ እንደ ነበረ አምናለሁ፤ እንዳልነበረ እያወቅሁ አምናለሁ። ፊልሙ በየካቲት 2013 አራት ኦስካር ሲቀበል አንዱ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነበር፤ ሥራውን በዋናነት የሠራው ሪትም ኤንድ ሂውስ የተባለው ድርጅት ግን በዚያው ወር መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታውቆ ነበር። ስፌቱን የማያሳይ ሰፊ እርሱም ሳይታይ ይቀራል መሰለኝ።

የኛ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ገንዳም ግድግዳም የላቸውም፤ አያስፈልጋቸውምም። ሥዕሉን አስቀድመው ይምረጡ፤ የሚቻላቸው ከሆነ ራሳቸው ሄደው ያንሡት፤ ሰዓቱን፥ ፀሐይዋ የነበረችበትን አቅጣጫና የካሜራውን ከፍታ በማስታወሻ ይጻፉ። ሥዕሉን ሲያገቡ ደግሞ ከሰውየው ጥቂት ያደብዝዙት፤ ሰውን ከቅርብ የሚያይ ሌንስ ተራራን አብሮ አጥርቶ አያይምና። ጥቁሩንም ያስተያዩ፤ የሩቅ ተራራ ጥላ በመካከሉ ባለው አየር ምክንያት ሰማያዊ ይሆናል፥ ከፍጹም ጥቁር አይደርስም፤ የቅርብ ሰው ጥቁር ቀሚስ ግን ጥቁር ነው። ከስተጀርባ ሰማዩ እጅግ የበራ ከሆነ ያ ብርሃን በሰውየው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተርፎ መታየት አለበት።

የቀረው የዕጣን ጢስ ነው። ጽና ይዞ በመጋረጃው ፊት የሚቆም ሰው ጢሱ አረንጓዴውን ስለሚያሳልፍ ወይ አረንጓዴ ጢስ ያገኛል፥ ወይ ጢሱ ከመጋረጃው ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሰውየው ያለ ጢስ ይቀረጽ፤ ጢሱ ለብቻው በጥቁር ጨርቅ ፊት ይነሣ፤ በኋላም ጥቁሩ እንደ ባዶ ተቈጥሮ ነጩ ብቻ በሥዕሉ ላይ ይጨመር። ጢሱን የሚያነሣው ሰውም መብራቱን ከማብራቱ በፊት በሥዕሉ ላይ ፀሐይዋ በየት በኩል እንደ ነበረች ይጠይቅ።